ሾላ ገበያ የቀረው ግማሽ መጽሐፍ

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። የበደለችኝም ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ባሌ በተቀበረ በሰባተኛው ቀን ነው።

ባሌ አስተማሪ ነበር። ሳንባውን ታሞ አልጋ በያዘበት ክረምት አንድ ወፍራም የድሮ ልብ ወለድ አብረን ጀመርን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ያዳምጣል። መጀመሪያ ላይ መጽሐፉን ጠላሁት። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይሄዳል፤ ግዕዙ አማርኛውን ይውጠዋል፤ ማን ስለ ማን እንደሚያወራ ሳይገባኝ ገጹ ያልቃል። ልዝለለው ስል "ተይ፣ ድገሚው" ይለኛል። ያቃተንን ቃል በእርሳስ አስምሬ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የካ ሚካኤል አንድ ሽማግሌ መሪጌታ እጠይቃለሁ። "ደግሞ ዛሬ ምን ይዘሽ መጣሽ?" ይሉኝ ነበር። ሰባ ገጽ ያህል ስንሄድ ግን ጆሮዬ ለመደው። አንድ ቀን፣ በልብ ወለዱ ውስጥ ያለች አንዲት እናት ልጇን የምትቀብርበት ክፍል ላይ ስደርስ፣ ማንበቤን አቆምኩ። ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሕፃንነቱ ስለሞተብን ልጅ ሃያ ዓመት ሙሉ አንስተን አናውቅም ነበር። ያን ቀን አነሳን።

ግማሹ ላይ ስንደርስ ሞተ።

በሰባተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ጓዳ ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩ። ዳዊት ቢሆን ማንም ምንም ባላለኝ። እህቱ በሩ ላይ ቆማ፣ ሴቶቹ እንዲሰሙ፣ "የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ተረት ታነቢያለሽ?" አለችኝ።

"አብረን የጀመርነው ነው፣ እትዬ።"

"እሱስ ጨርሷል። አንቺ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ተቀመጪ።"

በማግስቱ መጽሐፉን አጣሁት። ስጠይቃት አልደበቀችም፤ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ለመጠቅለያ ይሁን ብላ ሾላ ገበያ ለአንዲት ቅመም ሻጭ ሰጥታዋለች። ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም ቢሉኝም ወጣሁ። ሻጯ ስትገነጥል የነበረው ከኋላ በኩል ነው። አብረን ያነበብነው ደህና ነበር። ያልደረስንበት ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ተጠቅልሎበት ሄዷል።

ሌላ ቅጂ እስካገኝ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ብቻዬን ጨረስኩት። መጨረሻው እሱ እንደገመተው ሆነ፤ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

እህቱ ከዚያም ብዙ ዓመት ኖረች። ሁለት ጊዜ ለዕርቅ ሽማግሌ ላከች፤ ሁለቱንም ጊዜ መለስኳቸው። ስትሞት ለቅሶ አልደረስኩም።