የሲስተር ጠብታ ጠርሙስ

ስሙን ያወጣችላት የቀዶ ሕክምና ክፍሉ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን ሲስተሯ የቁስል ማጠቢያውን ዕቃ ገልብጣ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቅ አየቻትና፣ "ይቺ ሴትዮ ጠብታ ብትጠፋባት ፖሊስ ትጠራለች" አለች። ከዚያ ወዲህ ሲስተር ጠብታ ሆና ቀረች። እሷም ስሙን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም በሆዷ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ቁጠባው ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። ወጣት ነርስ ሆና በገባችበት ዘመን ሆስፒታሉ ለስሙ ሆስፒታል ተባለ እንጂ ባዶ ቤት ነበር። ጓንት ታጥቦ ይሰጣል፣ ፋሻ ተቀቅሎ ይጠቀለላል፣ የቁስል ማጠቢያው መድኃኒት ደግሞ መጣ ሲሉት ይጠፋል። ሌሎቹ ክፍሎች "የለም" ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ የእሷ ክፍል አንድም ቀን የለም ብሎ በሽተኛ መልሶ አያውቅም። ዘዴዋ ቀላል ነው። በቁስል ማጠቢያ ጋሪዋ ላይ አንድ ትልቅ ቡናማ ጠርሙስ አለ፤ ጠርሙሱ ባዶ አይሆንም። ጠዋት ጠዋት አዲስ የመጣውን በትናንቱ ላይ ትጨምርበታለች፤ ያነሰ እንደሆነ በፈላ ውሃ ታበረክተዋለች። በዚህ ዘዴ ስንቱን ቁስለኛ አድና ወደ ቤቱ ሸኘች።

ጠርሙሱ ግን ታጥቦ አያውቅም። ለምን ይታጠባል? ውስጡ ያለው ጀርም መግደያ ነው። አንዳንዷ ደፋር ጀማሪ ነርስ፣ ይሄን ነገር ደፍተን አጥበን እንደ አዲስ ብንሞላውስ ያለቻት እንደሆነ፣ ሲስተር ጠብታ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ታያትና "ሳሙና በምን ይታጠባል?" ትላታለች። ሁሉም ይስቃል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል።

ኋላ ችግሩ አለፈ። ግድግዳው ተቀባ፣ መጋዘኑ በካርቶን ተሞላ፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰውዬ እንኳ ፊቱ ፈታ አለ። ልማዱ ግን እንዳለ ቀረ። ሰው በተመሰገነበት ነገር ላይ ጥርጣሬ አያስገባም፤ ሲስተር ጠብታም በዚያች ጠርሙስ ያልተመሰገነችበት ስብሰባ አልነበረም። አዲስ የሚገቡት ነርሶች መርፌ መውጋት ከመማራቸው በፊት ከእሷ የሚማሩት ጠርሙስ መሙላትን ነበር።

አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻት። አባትየው ልጅቷ ዳዴ ሳትል ጥሏቸው ስለሄደ እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት እሷው ናት። ልጅቷ አድጋ የሂሳብ አስተማሪ ሆነች፤ ቀልደኛ፣ ምላሷ የማይታጠፍ፣ እናቷን "አንቺ ቋጣሪ" እያለች የምታናድድ። ትርፍ አንጀቷ የተነሳባት ቀን የሥራ ባልደረቦቿ ወደ ግል ሆስፒታል ሊወስዷት መኪና አስነስተው ነበር። እናትየዋ በስልክ አስቆመቻቸው።

"ልጄን ለማያውቃት ሰው አልሰጥም" አለች። "እኔ ክፍል ትተኛለች። ቁስሏን እኔው አጥብላታለሁ።"

ቀዶ ሕክምናው ያለ ችግር አለቀ። ሐኪሙም በቅርቡ ቤቷ ትገባለች አለ። ሊያስወጧት ባሰቡበት ጠዋት ግን ቁስሉ ቀላ፤ ከዚያ አበጠ፤ ከዚያ መግል ቋጠረ። ትኩሳቱ ተነሳ። አንድ መድኃኒት ጀመሩላት፣ አልሆነም። ቀየሩት፣ አሁንም ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ ፋርማሲው ቆልፎ የሚያስቀምጠውንና ዋናው ሐኪም ካልፈረመ የማይሰጠውን አዘዙላት። እሱም ውሃ ሆነ። ጀርሙ መድኃኒት የተላመደ ነው ተባለ፤ ሲወጉት የማይሞት፣ ያለውን ሁሉ መድኃኒት ቀምሶ የናቀ።

ሲስተር ጠብታ ይህን ስትሰማ የምታውቀውን አንድ ነገር አጥብቃ ያዘች፤ ማጠብ። የሌላው በሽተኛ ቁስል በቀን አንዴ ሲታጠብ የልጇ ጠዋትና ማታ ሆነ፤ ሲብስባት ደግሞ ቀትርም ተጨመረ። ዕድሜዋን ሙሉ በጠብታ ስትቆጥብ የኖረች ሴት ያን ቡናማ ጠርሙስ አዘንብላ፣ ለማንም አፍስሳ የማታውቀውን ያህል በልጇ ሆድ ላይ አፈሰሰች። ልጅቷም ሌላ ሰው እንዲነካት አትፈልግም። "የአንቺ እጅ አያመኝም" ትላታለች፤ እናትየዋም ይህን ስትሰማ ድካሟ ሁሉ ይጠፋል።

በዚያው ሰሞን የሌሎች በሽተኞችም ቁስል ማመርቀዝ ጀመረ። ሲስተር ጠብታ ንዴቷን የምታሳርፍበት ሰው ፈለገች፤ ብዙም ሳትርቅ አገኘች። የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ያቺኑ ስም አውጪዋን፣ በበሽተኞች ፊት አቁማ መወልወያዋንና ባልዲዋን እያሳየች ልክ ልኳን ነገረቻት። ሴትየዋ በየክፍሉ ውሃ እንደምትቀይር፣ መወልወያውንም በበረኪና እንደምትዘፈዝፍ ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት። አስተዳደሩም አንድ ጥፋተኛ አጥቶ ተቸግሮ ስለነበር ወዲያው ከሥራ አሰናበታት። ሲስተር ጠብታ እፎይ አለች። ሴትየዋ ልጆች እንዳሏት ታውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከእሷ ልጅ በቀር ሌላ ልጅ በዓለም ላይ አልነበረም።

ቁስሎቹ ግን ማመርቀዛቸውን አላቆሙም። ይሄኔ ከላቦራቶሪ አንዲት ወጣት ሐኪም ተላከች። ሠራተኛው "የጀርም ፖሊስ" ይላታል። በጥጥ ጫፍ የአልጋውን ብረት፣ የበሩን እጀታ፣ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ፣ የነርሶቹን መዳፍ ሳይቀር እየጠረገች ናሙና ወሰደች። ነርሶቹ እንደ ሌባ ተፈተሽን ብለው አጉረመረሙ። ዝም ያሰኘቻቸው ሲስተር ጠብታ ናት፤ ልጄ እየሞተችብኝ ነው፣ ሁላችሁም እጃችሁን ዘርጉ አለች። የራሷንም ቀድማ ዘረጋች። ወጣቷ ሐኪም ጋሪው ጋ ስትደርስ ደግሞ ቡናማውን ጠርሙስ አንስታ ክዳኑን ራሷ ከፈተችላት።

"በነካ እጅሽ ይሄንንም ውሰጂ" አለችና ሳቀች። ከብዙ ቀን በኋላ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ጠርታት በሩን ዘጋች። የጠርሙሱ ነገር ለማንም ከመነገሩ በፊት ለእሷ መነገር አለበት ብላ ነበር፤ ይህን ያህል ክብር ሰጠቻት።

"መወልወያው ነው አይደል?" አለች ሲስተር ጠብታ ሳትቀመጥ።

"አይደለም። መወልወያው ላይ ይሄ ጀርም የለም፣ ሲስተር። ያለው ጠርሙሱ ውስጥ ነው።"

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳቻት። መድኃኒቱ ውሃ ሲበዛበት አቅም ያጣል፤ የማይሞተው ጀርም ከታች ይተኛል፤ በየጠዋቱ የሚጨመረው አዲሱ መድኃኒትም ከአሮጌው ጋር ተቀላቅሎ ይዳከማል። ጠርሙሱ ቢደፋና ቢታጠብ ኖሮ ጀርሙ ይጠፋ ነበር። ሳይታጠብ ስለቀረ ግን እየተላመደ እየተራባ፣ በየቁስሉ ላይ ሲፈስ ኖሯል። ሲስተር ጠብታ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ግማሹን ነው። ጠዋት ልጇን ያጠበችበት ሳህን ገና ከነእርጥበቱ ጋሪው ላይ ነበር።

"የልጄም ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻላት ነበር። የምታስበው ያቺን ቀትር ላይ የጨመረቻትን እጥበት ነበር፤ ለሌላ ሰው ያልተደረገችውን፣ ከፍቅር የተጨመረችውን።

ወደ ልጇ ስትመለስ የማጠቢያው ሰዓት ደርሶ ነበር። ልጅቷ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ እናቷን ስታይ ፈገግ አለች።

"እማዬ፣ መጣሽ? ቶሎ እጠቢልኝና ልተኛ።"

ሲስተር ጠብታ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። እንዲያ ማድረጓን ራሷም ያወቀችው በኋላ ነው። ከዚያ ራሷ ያሠለጠነቻትን ወጣት ነርስ ጠራችና ከመጋዘን ያልተከፈተ መድኃኒት አምጥታ በአዲስ ሳህን እንድታጥባት አዘዘቻት።

"አንቺስ?" አለች ልጅቷ።

"ደክሞኛል፣ ልጄ።"

ልጅቷ ለአፍታ አየቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ልክ ነሽ" አለች፤ "አስቸገርኩሽ።"

እናትየዋ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ነገ እነግራታለሁ አለች በልቧ። ልጅቷ በማግስቱ ራሷን ሳተች፤ ከዚያ ወዲህ አልነቃችም። እናቷ እሷን ሰልችታ እጇን የሰበሰበች መስሏት ሞተች። ለዚህ ደግሞ መድኃኒት የለም።

ሥራ አስኪያጁ ሊያጽናናት ቢሮው አስጠርቶ ራሱ ወንበር ሳበላት። ወሬው ከወጣ ሰው ሆስፒታሉን ይሸሻል፣ የእርስዎም ስም ይነሳል፣ ሐዘንዎ አይበቃዎትም ወይ አላት። ጠርሙሱ ተጥሏል፣ መመሪያውን የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ እስከዚያው ግን ሆድ ይፍጀው። የላቦራቶሪዋ ሐኪም ሁሉም ነርስ ዛሬውኑ ይነገረው ብላ ብትሟገት ኮሚቴውን ጠብቂ ተባለች። ኮሚቴው እስከ ዛሬ ሊቀመንበር አላገኘም። ሲስተር ጠብታ አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። የተባረረችው የጽዳት ሠራተኛም ነገር በዚያው ተዳፍኖ ቀረ። እሷን ለማስመለስ እኮ ስለ ጠርሙሱ መናገር ያስፈልግ ነበር።

ሐዘኗን ጨርሳ ሥራ የገባች ቀን አዲሲቷ የጽዳት ሠራተኛ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት። ነርሶቹ አቅፈው ሳሟት። ክፍሉ እንደ ድሮው ነው፤ በሽተኛው ሞልቷል፣ ጋሪው ይንጫጫል። ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ስትገባ ያቺ ያሠለጠነቻት ነርስ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ከፊቷ አንድ አዲስ ትልቅ ቡናማ ጠርሙስ አለ፤ በግራ እጇ አዘንብላ ይዛ፣ ከታች ባለው የትናንት መድኃኒት ላይ የዛሬውን በጥንቃቄ፣ ጠብታ ሳታፈስ ትጨምርበታለች። ልክ እንደተማረችው።

ሲስተር ጠብታ ቀረብ ብላ፣ "ይሄ ጠርሙስ ከመጣ ወዲህ ታጥቦ ያውቃል?" አለቻት።

ነርሷ ዞር ብላ አየቻትና ደስ ሊያሰኛት ፈልጋ ፈገግ አለች። "ሳሙና በምን ይታጠባል፣ ሲስተር?"

ሲስተር ጠብታ ጠርሙሱን ከእጇ ነጥቃ መታጠቢያው ውስጥ ዘቀዘቀችው። ነርሷ ደንግጣ እጇን ልትይዛት ሞከረች፤ ይባክናል እኮ፣ ከግማሽ በላይ አለው አለቻት። ሲስተር ጠብታ እስከ መጨረሻው ደፋችው።

"ልጄን የገደልኳት በዚህ ነው" አለች። "የሌሎቹንም ቁስል ያበላሸሁት በዚህ ነው። አውቄ ዝም አልኳችሁ።"

ነርሷ ሐዘን አእምሮዋን የነካው መስሏት በር በሩን አየች። ከዚያ ግን የሲስተሯን ዓይን አየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

"ከዚህ ውስጥ ዛሬ ማንን አጥበሻል?"

"ሁሉንም፣ ሲስተር" አለች።

ሲስተር ጠብታ ባዶውን ጠርሙስ እንደያዘች ወጣችና ወደ መጀመሪያው አልጋ ሄደች።