ክንፍ ያልበላ መብረቅ

የተቃጠለ የፍላሽ አምፖል የራሱ ሽታ አለው፤ የጋለ ብረትና የተለበለበ ላባ አንድ ላይ ያጨሱ ይመስላል። ባለፈው ዓመት በልጄ ቤት የመብራት ገመድ ተቃጥሎ ሰው ሁሉ ሲተራመስ፣ እኔ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ከተቀመጥኩበት ሳልንቀሳቀስ ቀረሁ፤ ልቤ ወረታ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከአባቴ ፎቶ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። «እማዬ፣ ተነሺ እንጂ! ቤቱ ሊቃጠል ነው እኮ!» ብላ ልጄ እጄን ጎትታ አስወጣችኝ። ቤቱ አልተቃጠለም፤ ትዝታው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አለቀቀኝም።

እንዳለው የሚባለው አባቴ የባለ እጅ ልጅ ነበር። አያቴ ከወረታ ራቅ ብላ፣ ወደ ርብ ወንዝ ወረድ ሲሉ በምትገኝ መንደር ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ የፎገራን ገበሬ ያሳርሱ ነበር፤ እናቴ አስካልም ሸክላ ትሠራ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ከአያቴ፣ እንስራውን ከእናቴ ይወስድና፣ ማታ ልጁን ሆዱን ሲያመው «ጠይቡ በልቶት ነው» ይል ነበር። እኛም ክርስትና የተነሳን፣ ሁዳዴን ከማንም እኩል የምንጾም ሰዎች ነበርን፤ ዓይናችን ግን ይፈራ ነበር። የሰው ሕፃን አይቶ «እንዴት ያምራል» ማለት ለእኛ ክልክል መሆኑን እናቴ የነገረችኝ፣ እሳት እንዳልነካ ከመንገሯ በፊት ነው።

አባቴ በጉርምስናው ከወናፉ ሸሽቶ ጎንደር ገባ፣ እዚያ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ፣ ውኃ ከማመላለስ ተነሥቶ ፊልም እስከ ማጠብ ተማረ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ጌታው ያረጀ ካሜራቸውን ለቀቁለት። በሃምሳዎቹ ዓመታት በአንዱ ክረምት፣ ሜዳው ሁሉ ውኃ ተኝቶበት፣ ከብቱ ወደ ከፍታው ወጥቶ፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ዕቃችንን በአህያ ጭነን ወረታ ገባንና አንዲት ክፍል ተከራይተን ፎቶ ቤት ከፈትን። መስከረም ሲጠባ እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ በመንደራችን ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ አንድ ቀን እናቴን «እስከ ሰኔ ሰው ካልገባልን ቤቱን ለቀን ወደ ወናፉ እንመለሳለን» ሲላት ሰማሁ። ወደ ወናፉ መመለስ ማለት ለእኔ ከትምህርት ቤት መውጣት ማለት መሆኑን ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

ሰው አልገባልንም። በመስቀል ሰሞን አንዲት ሴት ሕፃኗን አቅፋ ፎቶ ተነሥታ፣ ብልጭታው ልጁን አስደንግጦት አለቀሰ፣ ያን ዕለት ማታም ትኩሳት ያዘው። ልጁ ሁለት ሦስት ቀን አድሮ ተሻለው፤ ወሬው ግን አልተሻለውም። «ጠይቡ አሁን ደግሞ በመብረቅ መብላት ጀመረ» ተባለ። ከዚያ ወዲያ እናቶች በደጃችን ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፤ ትምህርት ቤትም ከእኔ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ሰፊውን አግዳሚ ለብቻዬ እንደ ባላባት ተንሰራፍቼበት እማር ነበር። አንድም ቀን ላለመቅረት ለራሴ ማልኩ፤ ቢያስወጡኝ እንጂ ራሴ አልወጣም አልኩ።

ጥቅምት ላይ፣ ሜዳው በኑግ አበባ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ አንዲት ትንሽ ወፍ በበረንዳችን ጣሪያ ሥር ከተንጠለጠለ ሽቦ ላይ ጎጆዋን ሠራች። ስሟን የሚያውቅ አልነበረም፣ አበባ ለአበባ እየዞረች በቀጭን ጠማማ አፏ ስለምትመጥ እኛ «አበባ ጠቢ» እንላት ነበር። ባሏ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ ነው፤ እሷ አመድማ፣ ማንም ልብ የማይላት ነበረች። አባቴ ጥቂት ቀን እያያት ከቆየ በኋላ «ሰው አልነሳም ካለኝ ወፍ አነሳለሁ። ብበላት ትሞታለች፣ ጫጩቶቿም በረሃብ ያልቃሉ፤ ካልበላኋት ጎጆዋ ይመሰክራል» አለ።

«ተቀምጣ ሳለች አንሳታ» አለችው እናቴ።

«ተቀምጣ ሳለች ባነሳት፣ ሞታ ነው፣ አስሯት ነው ይሉኛል። እየበረረች ነው እንጂ።»

«ሰው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፤ አንተ ደግሞ ወፍ!» ብላ ሳቀችበት፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ጭቃዋን አቡክታ አንገቷ እንደ ብርሌ የቀጠነ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ሠራች፣ ተኩሳም ብርዝ ሞላችባት፣ በአፏ ዙሪያ ቀይ የኮርች አበባ አስራ በረንዳው ላይ ሰቀለቻት። ወፏ ብርዙን ወደደችው፣ ግን የሸክላዋን አንገት በጥፍሯ ቆንጥጣ ተቀምጣ ትጠጣ ነበር። እናቴ ሌላ ሠራች፣ ይህንኛውን በለስላሳ ጠጠር እያሸች እንደ እንቁላል እስኪያዳልጥ ድረስ ወለወለችው። ወፏ መጣች፣ አዳለጣት፣ ተናደደች መሰለኝ ጮኸች፤ በመጨረሻ ክንፏን እያርገበገበች አየር ላይ ቆማ ጠጣች። እናቴ አባቴን አየት አድርጋው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አባቴ ብርሃኑን የሚሰበስብ ድባብ ያስፈልገው ስለነበር የጋዝ ቆርቆሮ ቀድዶ መቀጥቀጥ ጀመረ። ወረታ ከገባን ወዲህ መዶሻ አንሥቶ አያውቅም ነበር፤ የመዶሻ ድምፅ ማንነታችንን ያስታውሳል ብሎ ይፈራ ነበር። እናቴ «ከውስጥ ገብተህ አትቀጠቅጥም?» ብትለው፣ «ይስሙ!» አለና በረንዳው ላይ በፀሐይ ተቀምጦ ቀጠቀጠ። እኔ ከዚያ ድምፅ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን ሠራሁ፣ በዚያ ቀን በአባቴ እንደ ኮራሁ ከዚያ በፊት ኮርቼ አላውቅም።

ወፏ በለመደችው ሰዓት መጣች፣ አባቴ ጥቁር በርኖሱን ከኋላዋ ዘርግቶ፣ ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ አቁሞ፣ አንዷን አምፖል አበራ። መንገዱን ተሻግሮ ካለው ከእማማ ትርንጎ ጠላ ቤት ሰው ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር። ወፏ ደንግጣ ሸሸች፣ ብዙም ሳትቆይ ወደ ጎጆዋ ተመለሰች። ማሳደጊያ መሣሪያ ስላልነበረን ፊልሙን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ለጎንደሩ ጌታው ላክነው፣ እሳቸውም አሳድገው መለሱልን፣ አባቴም ፎቶውን በር ላይ ሰቀለው። መጀመሪያ መጥተው ያዩት እማማ ትርንጎ ነበሩ፤ የሰፈሩ ሁሉ ምላስ እሳቸው ዘንድ ይሳል ስለነበር፣ ምን እንደሚሉ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ።

«ክንፏስ? ክንፏ የት ሂዶ?» አሉ።

እውነትም ክንፍ የለም። አፏ አለ፣ ዓይኗ አለ፣ ሆዷ አለ፤ በክንፏ ቦታ ግን ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። «ክንፏን በልቷታል! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ክንፏን በልቷታል!» ብለው ወደ ቤታቸው ገሰገሱ። ወፏ በዚያችው ሰዓት በራሳቸው ላይ እየበረረች ታልፍ ነበር። «እማማ፣ ይቻትና!» ብዬ ብጮህ፣ «ያቺ ሌላ ናት» አሉኝ ዘወር ብለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በማግሥቱ ይፋግ ገበያ ድረስ ተወርቶ ነበር። ጫጩቶቹ አድገው ከጎጆው ሲወጡ እንኳ ልብ ያለ አልነበረም።

በጋው ገባ፣ ውኃው ከሜዳው ሸሸ፣ ገበሬው ሽምብራውንና ጓያውን ዘርቶ ከብቱን ወደ ታች አወረደ፣ እኛ ደግሞ በዚያች ጭስ ፎቶ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ፎቶውን ከበሩ አላወረደውም፤ እናቴ «አውርደው፣ አታዋርደን» ስትለው፣ «የሚወርደው ክንፍ ያለው ሲተካው ነው» ይል ነበር። ነገሩን እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ ክንፏ ፈጣን ነው፣ የካሜራው ዓይን ደግሞ ቀስ ብሎ ይከደናል፤ ቶሎ እንዲከደን ከተደረገ ብርሃኑ አይበቃውም፤ ስለዚህ ሁለት አምፖል ባንድ ጊዜ፣ ያውም ከቅርብ መብራት አለበት። አምፖል ግን አንዴ ከበራ አለቀለት፣ ይጣላል፤ የቀረችንም ጥቂት ነበረች። ስለዚህ በጋውን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያለ ፊልም፣ ያለ አምፖል፣ ባዶ ካሜራ ሲያጮህ ከረመ። መንገደኛው «ለየለት» ይል ነበር። እሱ ግን ወፏ ክንፏን ወደ ላይ አንሥታ ልትመልሰው ስትል ለአንዳፍታ ቀጥ እንደምትል ደረሰበት፤ ያቺን ቅጽበት እጁ እስኪለምዳት ድረስ አልተነሣም። የቆርቆሮ ድባቦቹንም ሁለት አድርጎ፣ ፊት እስኪያሳዩ ድረስ በአመድ ፈትጎ አጸዳቸው።

የሚያዝያ ዝናብ ጠብ ሲል ወፏ እዚያው ሽቦ ላይ ዳግመኛ ሠራች፣ ግንቦት ላይም ጫጩቶቿ አፋቸውን ከፍተው ይንጫጩ ጀመር። በዚያው ሰሞን መምህሩ ለፈተና የሚቀርቡ ትልልቅ ተማሪዎች ጉርድ ፎቶግራፍ እንዲያመጡ አዘዘ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን ጎንደር ልከው ለማስነሣት ይመካከሩ ነበር። ያ ካለፈ ሰኔ ነው፣ ሰኔ ካለፈ ወናፉ ነው። አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ መንገዱን ተሻገረና ከእማማ ትርንጎ ደጃፍ ቆመ።

«እማማ፣ ብበላትም እርስዎ ፊት ልብላት። መጥተው ይዩ» አላቸው።

የጠላ ቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እማማ ትርንጎ እምቢ ቢሉ ፈሪ ሊባሉ ነው፤ ክታባቸውን ከአንገታቸው አውጥተው በደረታቸው ላይ አንጠለጠሉ፣ ነጭ ሽንኩርት በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ፣ መጥተውም ከጎጆው ሥር በእናቴ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ሁለቱን አምፖሎች በሽቦ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኝቶ ተዘጋጀ። ወፏ መጣች፣ አየር ላይ ቆመች፣ በረንዳው ባንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። እማማ ትርንጎ «በስመ አብ!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ወፏ ተፈትልካ ከግቢው ወጣች።

ከዚያ ጠበቅን። ጫጩቶቹ ይጮኻሉ፣ እናት የለችም። እናቴ የምትወለውለውን ሸክላ እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች፤ አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ከካሜራው ኋላ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ማርያምን እየተማጸንኩ ነበር፣ ስለ ወፏ ሳይሆን ስለ አግዳሚዬ። እማማ ትርንጎ አንገታቸውን ወደ ጎጆው ቀስረው፣ «እንግዲህ…» ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ ወፏ በአፏ ሸረሪት ይዛ ከች አለችና ከራሳቸው በላይ ጎጆዋ አፍ ላይ ተንጠልጥላ ማጉረስ ጀመረች። እማማ ትርንጎ ተነሥተው ሄዱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠላቸውን እየቀዱ ዓይናቸው ከጎጆው አይነቀልም ነበር፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ።

ፎቶው ከጎንደር የመጣው ሰኔ ገብቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ በኋላ ነው። አባቴ ፖስታውን ከፍቶ አየው፣ ለእናቴም ሰጣት፣ እሷም አይታ አለቀሰች። ሁለቱም ክንፎች ተዘርግተዋል፣ ላባው አንድ በአንድ ይለያል። የጭሱ ፎቶ ወርዶ ይሄኛው ተሰቀለ። በማግሥቱ እማማ ትርንጎ የልጅ ልጃቸውን ሞላን፣ ለፈተና የሚቀርበውን፣ ፀጉሩን አስላጭተው፣ ቅቤ ቀብተው፣ በእጁ እየጎተቱ መጡ። ፎቶውን ከበሩ አስወርደው በጥፍራቸው እያንዳንዱን ላባ ተከተሉት።

«ሙሉ ነው» አሉ። ቀጥለውም አባቴን ሳያዩ፣ «በል አንሣው፤ ብቻ አታስደንግጥብኝ» አሉ።

ሞላ ተነሣ፤ ከእሱም በኋላ ሌሎቹ እየተከታተሉ መጡ። እናቴ ደስ ብሏት ለእማማ ትርንጎ ብርዝ ብታቀርብላቸው ግን «ጠግቤያለሁ ልጄ» ብለው ሳይነኩት ሄዱ፣ በውኃ ጥም ከንፈራቸው ደርቆ እያየነው። እናቴ ፊቷ ጠቆረ። አባቴ «ዘንድሮ ፊታቸውን ሰጥተውናል፤ አፋቸው ይቆይ» አላት፣ ወደ ሥራውም ገባ። ወደ ወናፉ አልተመለስንም፣ እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ኋላም ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ።

ዛሬ ፊቱን ከካሜራ የሚሸፍን የለም። የልጅ ልጄ በስልኳ ወፍ እየበረረ ታነሣለች፣ ያውም ያለ ብልጭታ፣ ክንፉ ሙሉ ሆኖ፤ አባቴ በጋውን ሙሉ የለፋበትን እሷ ሻይዋን እየጠጣች ትጨርሰዋለች። ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እቀናለሁ። ዘንድሮ ለእሷ ሽማግሌ ተልኮ መጣ፣ ሽማግሌዎቹ ሁላችንንም በየስልካቸው እየሳቁ አነሡን፣ ከዚያ አንዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ የእርስዎ አባት ሥራቸው ምን ነበር?» አሉኝ። ልጄ በዓይኗ ለመነችኝ፤ «ፎቶ አንሺ» ብል ውሸት አይደለም።

«ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከዚያ በፊት የቀጥቃጭ ልጅ፣ ቀጥቃጭም ራሱ። እናቴ ሸክላ ሠሪ። ልጅቷ የእነሱ ናት» አልኳቸው።

አባቴ እንዲያምኑት ብሎ አንድ በጋ ሙሉ ወፍ ሲጠብቅ ኖረ፤ እኔ ግን ማስረጃ አልፈለግሁም፣ ቀና ብዬ መልሳቸውን ጠበቅሁ። በወጉ ልጅቷ ሽማግሌ እስኪነሣ ከጓዳ አትወጣም። የልጅ ልጄ ግን ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።