የኋላዎቹም ሰው ናቸው

ልጄ የግዙፍ መኪናውን ያለቁ ጎማዎች ሊያስቀይር ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር ያለ ጎሚስታ ዘንድ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ቢተነፍስም የሚሄደው ራን ፍላት የተባለው ጎማ ውድ ነውና፣ እሱን ከፊት፣ ተራውን ከኋላ ሊያስገባ አሰበ።

«እማዬ፣ እርስዎ ጋቢና ነዎት፤ አይስጉ» አለኝ።

«ኋላ የሚቀመጡት የልጅ ልጆቼስ ሻንጣ ናቸው?» ብዬ ወርጄ ኋላ ገባሁ። «አራቱም እኩል ካልሆኑ አልነሳም!»

ጎሚስታውም ነገሩን ሲሰማ፣ «መቀላቀሉ ራሱ አደገኛ ነው» አለ። ልጄ ተሸነፈ፤ አራቱም ራን ፍላት ሆኑ።

በሳምንቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የኋላውን ጎማ ሚስማር ወጋው። የማስጠንቀቂያው መብራት በራ፤ ልጄ ቀስ ብሎ እየነዳ ቅዳሴው ሳይጀመር አደረሰን።

ሕፃናቱ ኋላ ተኝተው ምንም አልሰሙም። የቀሰቀሳቸው የእኔ እልልታ ነው።