ሰይድ «ይጣሉት» ያለኝ ሲዲ

መጀመሪያ ይህን ልብ በሉ፦ ሲዲ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ቢጫር ሊድን ይችላል፤ ጽሑፍ ባለበት በኩል ከተላጠ ግን አይድንም።

ዛሬ ጠዋት ጥራቮሎ ሰፈር ወዳለው ሱቅ የወሰድኩት የሚድነውን ዓይነት ነበር። ሟች ባለቤቴ አብረኸት ከአገራችን ነጻነት ማግስት በልጃችን ሠርግ ላይ ስትዘፍን የተቀዳበት ነው። ከካሴት የተገለበጠ ነው፤ ካሴቱ ጠፍቷል።

ባለሱቁ ሰይድ፣ የወሎ ሰው፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና ሳቀ።

«ወላሂ መምህር፣ ይሄ አብቅቶለታል። ይጣሉት፤ ካልሆነም መኪናዎ መስታወት ላይ ይስቀሉት።»

«ያለኝ ብስክሌት ነው» ብዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ጀመርኩ። ደንቡ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ ነው። እጄ ግን ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ሲያጸዳ የኖረ እጅ ነውና፣ ሳላስበው እያዞረ ጠረገው። ጭራሽ ባሰበት።

«ይደገም!» አልኩ፣ ተማሪዎቼን እንደምለው።

ደገምኩት። ከመሃል ወደ ዳር፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ።

አሁን ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ጊዜ ተንተባተበና አብረኸት ዘፈነች!

መጨረሻው ላይ ግን አሁንም ይዘላል። ስሜን የምትጠራው እዚያ ላይ ነው።

አልጥለውም። «ተወው» ልትሉኝ ያሰባችሁ አትድከሙ፤ ሰይድ ቀድሟችኋል።

ጥልቅ ጭረት ያዳናችሁ ግን በምን እንዳዳናችሁት ዛሬውኑ ጻፉልኝ። ጨርቁን ከእጄ አላስቀመጥኩም።