ኮምፒውተሩ የተገመገመ ዕለት

መሐል ሜዳ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እንድጠግን ተጠራሁ። ፕሮግራም የሚከፈትበት ስታርት ሜኑ በራሱ ብቅ እያለ ሥራ አላሠራ ብሏቸዋል። ስደርስ ኃላፊው ካድሬዎቹን ሰብስበው፣ ኮምፒውተሩን ፊታቸው አስቀምጠው ጸሐፊዋን ይገመግማሉ። ከሥራ ሊያባርሯት ነው።

«አሻጥር ሠርታበታለች!» ብለው ዘንበል ሲሉ ሜኑው ብቅ አለ። «ይኸው!» ብለው ደግመው ዘንበል አሉ፤ ሜኑውም ደገመ። ያ ሁሉ ካድሬ እጁን እያወጣ ስለ አሻጥር ይለፈልፋል እንጂ ኪቦርዱን ዝቅ ብሎ ያየ አንድም ሰው የለም። ጠጋ ብዬ ኃላፊው ለብርዱ የደረቡትን የበርኖስ ጫፍ ገለጥ አደረግሁት። ክርናቸው የስታርቱ ቁልፍ ላይ ተጋድሟል።

ኃላፊው ክርናቸውን አይተው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

«እንዲህ ስጫነው እያየሽ ነው ዝም ያልሽኝ? በይ፣ ሂስሽን ዋጪ!»