ደሳለኝ የሠራው ምድጃ

አሁን በምኖርበት በሚዛን ከተማ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከጎረቤት ግቢ የርጥብ እንጨት ጭስ አጥሩን ተሻግሮ ይመጣና፣ የያዝኩትን ሥራ አስጥሎ ልጅ ሆኜ ወደኖርኩበት የቴፒ ቤታችን ይመልሰኛል።

በዚያ ቤት የምንኖረው እናቴ፣ በዘጠኝ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ደሳለኝና እኔ ነበርን፤ አባታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው የሞተው። ደሳለኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ከአንድ የግብርና ሠራተኛ አይቶ፣ ጭስ ማውጫ ያለው የጭቃ ምድጃ ሠርቶልን ነበር። በየወሩ የቆርቆሮውን ቱቦ ነቅሎ ደጅ ያወጣና በዱላ እየመታ ጥቀርሻውን ሲያራግፍ፣ እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አየው ነበር። በጥቅምት ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ወደ ባሕር ዳር ሄደ።

ቡና ለቀማ ሲደርስ እናቴ ማለዳ ወጥታ አመሻሽ ላይ ነበር የምትመለሰው። ከትምህርት ቤት መጥቼ ብቻዬን ስቀመጥ ያች ሁለት ክፍል ቤት ትሰፋብኝ ነበር። ምድጃው ማስቸገር የጀመረው ያን ሰሞን ነው፤ ጭሱ በቱቦው መውጣቱን ትቶ በማገዶው አፍ ወደ ቤት ይመለስ ጀመር፣ እናቴም ዓይኗ ቀልቶ እንባዋ እየወረደ ትስል ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ልጥረገው?» ስላት፣ «ተይው፣ የሠራው መጥቶ ያየዋል» ትለኝ ነበር።

እሑድ እሑድ ደሳለኝ ሲደውል ሌላ ወሬ ሳታስቀድም፣ «ምድጃው እኮ አስቸገረን ልጄ፤ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለው ነበር። እሱም፣ «ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል እማዬ፤ እሳቱን አጥፍታችሁ አራግፉት፣ የተሰነጠቀውንም በጭቃና በአመድ ምረጉት» እያለ ቢያስረዳትም፣ «እኛ አንችልበትም» ትለው ነበር።

በልግ ገብቶ ማገዶው ሲረጥብ ጭሱ ባሰ። አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ እንደሄደች ምድጃው እስኪበርድ ጠብቄ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ ቱቦውን ነቀልኩት። ደጅ አውጥቼ ስመታው የጡብ ያህል የጠጠረ ጥቀርሻ ወደቀ። ስንጥቁን መረግኩ፣ ከጣራው ሥር ያገኘሁትን ደረቅ የቡና ግንድ ለኮስኩ፣ ጭሱም ቀጥ ብሎ በቱቦው ወጣ። ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ በሩ ላይ ቆሜ እናቴን ጠበቅኋት።

ገብታ እሳቱን አየች። «ማን ነካው?» አለችኝ።

«እኔ።»

ዘንቢሏን አስቀምጣ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። በማግስቱ ደሳለኝ ሲደውል፣ ጭስ በሌለበት ቤት ተቀምጣ፣ «ምድጃው ያው ነው ልጄ፣ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው» አለችው። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ፊቷን አዞረች። እኔም ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ አለቀስኩ፤ የሠራሁት እንዳልተሠራ ለምን እንደተቆጠረ አልገባኝም ነበር። ከዚያ በኋላ እሷ በሌለችበት በየወሩ እጠርገው ነበር፣ እሷም በየሳምንቱ ተበላሸ ትለው ነበር፤ ሁለታችንም ግን ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላልንም።

ደሳለኝ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻ መጣ። ከስቶ፣ ድምፁም ጎርነን ብሎ ነበር። ሁለት ቀን ብቻ እንደሚቆይ ተናግሮ ወዲያው የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ቱቦውን ነቀለና እጁን ሰደደበት። እጁ ጥቀርሻ ሳይነካው ወጣ። እኔን አየኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሃን የምታጥበውን እናቴን አየና ቱቦውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እውነትም ተበላሽቷል» አለ በመጨረሻ። «አፍርሼ እንደ አዲስ ካልሠራሁት አይሆንም። ሳምንት ሳይፈጅብኝ አይቀርም።»

ሳምንቱን ሙሉ ደህናውን ምድጃ አፍርሶ ሠራው። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ ታወራው፣ ሆዷን እስኪያማት ትስቅ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። እኔ ጭቃ አቀብል ነበር።

ዛሬ እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር፣ ሚዛን ነው። ምድጃችን የኤሌክትሪክ ነው፣ አያጨስም፣ ሲበላሽም ባለሙያ መጥቶ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ደሳለኝ እዚያው ባሕር ዳር ትዳር ይዞ ከቀረ ቆየ፤ ሲደውልላት «ሁሉ ሰላም ነው፣ ምንም የጎደለብን የለም» ትለዋለች፣ እሱም ደስ ይለዋል። ያኔ ቤታችን ጭስ ነበረበት፣ እናቴ ግን ልጇን «ና» የምትልበት ሰበብ ነበራት።