የጠበሉ ክዳን

«እጅሽን ከክዳኑ ላይ አንሺ፤ አንቺ አትታመኚም!» አሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ ጠበላቸውን ልቀዳላቸው የጠርሙሱን ሰማያዊ ክዳን ስይዝ። ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ እሳቸው ግን አልረሱም።

እዚሁ ጣሊያን አገር ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን የጠርሙስ ክዳን ያሰበስበን ነበር። ተሸጦ አፍሪካ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈርበታል ተብለናል። እውነቱን ለመናገር ለጉድጓዱ ግድ አልነበረኝም፤ የክፍላችንን ልጅ ኪያራን መብለጥ ነበር የፈለግኩት። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ መሬት ለመሬት እየዞርኩ እለቅም ነበር። ከረጢቴ የኮመጠጠ ወተትና ብርቱካን ይሸታል። ከሌላው ቀለም ሁሉ ነበረኝ፤ ሰማያዊ ክዳን ግን አልነበረኝም።

አንድ ቀን እናቴ ሥራ ስትሄድ እትዬ ብርቄ ቤት ተወችኝ። ከአልጋቸው ሥር በተቀመጠ ጠርሙስ ላይ ሰማያዊ ክዳን አየሁና ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ስነሳ ጠርሙሱን በእግሬ መታሁት። ለታመመው ጉልበታቸው ከእንጦጦ የመጣላቸው ጠበል ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«እናቴ ትገርፈኛለች» ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ከወለሉ በመዳፋቸው እየጠረጉ ጉልበታቸውን አሹበት።

«ለአፍሪካ ውሃ ትሰበስቢያለሽ፣ ከአፍሪካ የመጣውን ትደፊያለሽ! ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም፣ እኔ ነኝ የደፋሁት እላታለሁ።»

ዛሬ ቀዳሁላቸውና ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት። ጠርሙሱን ተቀብለው ዘቀዘቁት፤ አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

«አሎራ፣ እንግዲህ አሁን ሂጂ» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ያንኑ ጉልበታቸውን ሳምኩና ወጣሁ።